ላፕቶፕ ማታ ይጥፋ ወይስ እንደበራ ይደር?

የዊንዶውስ ላፕቶፕ ያለው ሰው አንድ ነገር ይሞክር። ማታ «ሻት ዳውን» ብሎ አጥፍቶ ይተኛ። ጠዋት ሲከፍተው ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ የሚባሉትን ቁልፎች አንድ ላይ ተጭኖ ታስክ ማናጀርን ያውጣ፤ «ፐርፎርማንስ» ውስጥ ገብቶ «ሲፒዩ» የሚለውን ይንካ። ከታች «አፕ ታይም» ተብሎ የተጻፈው ቁጥር ሲስተሙ ለመጨረሻ ጊዜ እንደ አዲስ ከተነሳ ስንት ጊዜ እንደሆነው ይናገራል። ብዙዎች ጋ ቁጥሩ አሥር ቀን፣ ሃያ ቀን፣ አንዳንዴም ከወር በላይ ሆኖ ይገኛል። ባለቤቱ ግን በየማታው እያጠፋ ነው የሚተኛው።

ቁጥሩ አልተሳሳተም። ማይክሮሶፍት በ2012 ካወጣው ዊንዶውስ 8 ጀምሮ «ሻት ዳውን» ሙሉ በሙሉ ማጥፋት መሆኑ ቀርቷል። «ፋስት ስታርታፕ» የተባለው አሠራር የተከፈቱትን ፕሮግራሞች ይዘጋል፣ ተጠቃሚውን ያስወጣል፤ የሲስተሙን እምብርት፣ ማለትም ከርነሉንና እንደ ዋይፋይና ፕሪንተር ያሉትን ዕቃዎች የሚያሠሩትን ድራይቨሮች ግን በዚያ ሰዓት እንዳሉ ዲስክ ላይ ጽፎ ያስቀምጣቸዋል። ጠዋት ሲበራ ከዲስክ ይነበባሉ እንጂ እንደ አዲስ አይጫኑም። ቶሎ የሚነሳው ለዚህ ነው፤ ትናንት የተወላገደ የዋይፋይ ወይም የፕሪንተር ድራይቨር ዛሬም ከነችግሩ የሚነሳውም ለዚሁ ነው። «ሪስታርት» ይህን አቋራጭ አይጠቀምም፤ ሁሉንም አውርዶ ከባዶ ይጀምራል። «አጥፍቼ አበራሁት፣ አልተስተካከለም» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ገና ሪስታርት አላደረገም።

ማታ ይጥፋ ወይስ ይደር የሚለው ክርክር መቋጫ የሚያጣው ሦስት ጉዳዮች በአንድ ጥያቄ ስለሚታጨቁ ነው፦ ሲስተሙ መቼ ታደሰ፣ ባትሪው ሌሊቱን በምን ሁኔታ አደረ፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ ማሽኑ ምን ሆነ። ለኢትዮጵያ ተጠቃሚ ከሦስቱ የሚከብደው የመጨረሻው ነው፤ መብራት በማይጠፋበት አገር የተጻፉ ምክሮች ግን አያነሱትም።

ክዳኑ ሲዘጋ

ላፕቶፑ በርቶ በመቆየቱና ሙሉ በሙሉ በመጥፋቱ መካከል ሁለት ደረጃዎች አሉ። ስሊፕ ላይ ስክሪኑ፣ ፕሮሰሰሩና ዲስኩ ያርፋሉ፤ የተከፈተውን ሥራ የያዘው ራም ብቻ ኃይል እያገኘ ይቆያል። ፍጆታው ጥቂት ነው። ግማሽ ዋት ቢወስድ በ10 ሰዓት 5 ዋት ሰዓት ይሆናል፤ 50 ዋት ሰዓት ለሚይዝ ባትሪ ይህ 10 በመቶ ነው። ባትሪው ካለቀ ግን ራም ውስጥ የነበረው ሥራም አብሮ ይጠፋል። ሃይበርኔት ላይ ደግሞ ራም ውስጥ ያለው ሁሉ ዲስክ ላይ ተጽፎ ማሽኑ ይጠፋል። ባትሪው ቢያልቅ፣ ጭራሽ ቢወጣም ሥራው አይጠፋም። ሲከፈት ከስሊፕ ጥቂት ሰከንዶች ይዘገያል እንጂ ያልተዘጋው ሰነድም የብራውዘሩ ገጾችም እንደነበሩ ይመለሳሉ።

ዊንዶውስ ሃይበርኔትን ከማጥፊያው ሜኑ ላይ ደብቆታል። ለማውጣት ኮንትሮል ፓናል ውስጥ «ፓወር ኦፕሽንስ» ይገባል፤ በግራ በኩል የፓወር ቁልፉ ሲጫን ምን ይሁን የሚለውን የሚወስን መስመር አለ። እሱ ሲከፈት ከታች ያሉት ሳጥኖች ደብዝዘው ይታያሉ፤ እንዲነኩ ከላይ ያለውን የተቆለፉ ምርጫዎችን የሚከፍት ሰማያዊ ጽሑፍ መጫን ያስፈልጋል። ከዚያ «ሃይበርኔት» ላይ ምልክት አድርጎ ማስቀመጥ ነው። «ፋስት ስታርታፕ»ም የሚጠፋው እዚያው ገጽ ላይ ነው። ኤስኤስዲ፣ ማለትም የማይሽከረከረው ፈጣን ዲስክ ያለው ላፕቶፕ ላይ ማጥፋቱን እንመክራለን፤ የሚያስቀረው ጥቂት ሰከንድ ነው፣ የሚያመጣው ጣጣ ግን ብዙ። ከዊንዶውስ ጎን ሊኑክስ የሚባለውን ሌላ ሲስተም የጫነማ ሳይውል ሳያድር ያጥፋው፤ ዊንዶውስ የራሱን የዲስክ ክፍል በከፊል እንደተከፈተ ስለሚተወው ሊኑክስ ፋይሎቹን ለማንበብ እንጂ ለመጻፍ እሺ አይልም። የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ያለው አሮጌ ማሽን ላይ ግን ልዩነቱ ብዙ ስለሆነ ይተው፤ በሳምንት አንዴ ሪስታርት ማድረጉ ይበቃል። በመካከሉ አንድ ቀን ሙሉ በሙሉ ማጥፋት ሲያስፈልግ የሺፍትን ቁልፍ እንደተጫኑ «ሻት ዳውን»ን መንካት ነው።

አዳዲሶቹ ላፕቶፖች ሌላ ችግር አላቸው። ከዊንዶውስ 10 ወዲህ «ሞደርን ስታንድባይ» የሚባለው የእንቅልፍ ዓይነት ተስፋፍቶ ነባሩ ስሊፕ ከብዙ ሞዴሎች ወጥቷል። በዚህ አሠራር ላፕቶፑ እንደ ስልክ ነው የሚተኛው፦ ክዳኑ ተዘግቶም በየመሃሉ ነቅቶ ኢሜይል ያያል፣ አፕዴት ይፈልጋል። አንዱ ድራይቨር ወይም ፕሮግራም አልተኛም ካለ ማሽኑ ቦርሳ ውስጥ ሆኖ ሲሠራ ያድራል። ማታ 80 በመቶ የነበረ ባትሪ ጠዋት 30 ላይ ከተገኘ፣ ወይም ላፕቶፑ ከቦርሳ ሲወጣ ሙቅ ከሆነ ምክንያቱ ይኸው ነው። አየር በሌለበት ቦርሳ ውስጥ የሚጠራቀመው ሙቀት ከባክነው ባትሪ ይልቅ ያሳስባል። መፍትሔው ቀላል ነው። እዚያው «ፓወር ኦፕሽንስ» ውስጥ ክዳኑ ሲዘጋ ምን ይሁን የሚለው ምርጫ በባትሪና በቻርጀር ተለይቶ ተቀምጧል፤ ቢያንስ የባትሪውን ወደ «ሃይበርኔት» መቀየር ነው። የሚሽከረከር ዲስክ ያለው ላፕቶፕ በቦርሳ የሚጓዝ ከሆነም ይኸው ምርጫ ይጠቅማል፤ ዲስኩ እየዞረ ግጭት ከደረሰበት አንባቢው ጫፍ የዲስኩን ገጽ ሊጭረው ይችላል።

ማክቡክ ላይ ይህ ሁሉ ጣጣ አነስ ይላል። ሲተኛ የራሙን ይዘት ዲስክ ላይም ስለሚጽፍ ባትሪው ቢያልቅ ሥራው ይተርፋል። ከ2020 ወዲህ በወጡት የአፕል ቺፕ ባላቸው ሞዴሎች የሌሊቱ ፍጆታ በጣም ትንሽ ነው። ክዳኑን ዘግቶ መተኛት ነው።

ሃይበርኔት ኤስኤስዲ ይጨርሳል የሚል ስጋት አለ። እናስላው። 8 ጊጋባይት ራም በሙሉ በየማታው ይጻፍ ብንል በዓመት 3 ቴራባይት አይሞላም፤ ዊንዶውስ ደግሞ ጨምቆ ስለሚጽፍ ትክክለኛው መጠን ከዚህ ያንሳል። ሳምሰንግ ለ860 ኢቮ ባለ 250 ጊጋባይቱ የሰጠው ዋስትና እስከ 150 ቴራባይት ነው። በዚህ ሒሳብ በሃይበርኔት ብቻ ዋስትናውን ለመጨረስ ሃምሳ ዓመት ይፈጃል።

ማብራትና ማጥፋት እቃውን ያደክመዋል የሚለው ነባር ምክርም ጊዜው አልፎበታል። ዲስኮች ገና ደካማ በነበሩበት ዘመን ትርጉም ነበረው። የዛሬ የላፕቶፕ ሃርድ ዲስክ አንባቢ ጫፉን በመቶ ሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ እንዲያነሳና እንዲያሳርፍ ተደርጎ የተሠራ ነው፤ ኤስኤስዲ ደግሞ የሚንቀሳቀስ አካል የለውም።

ቻርጀሩ ተሰክቶ ሲያድር

እዚህ ላይ የተለመደው ፍርሃት ባትሪው ከልክ በላይ ይሞላል የሚል ነው። አይሞላም። የሊቲየም አዮን ባትሪ ሲሞላ ተቆጣጣሪው ወረዳ ኃይሉን ያቋርጠዋል፤ ላፕቶፑ ከዚያ በኋላ በቻርጀሩ ኃይል ይሠራል። የሚጎዳው ሞልቶ መቆየቱ ነው። 100 በመቶ ሲሆን እያንዳንዱ ሴል 4.2 ቮልት ገደማ ይዞ ይቀመጣል፤ በዚህ ከፍተኛ ቮልቴጅ ላይ በውስጡ ያለው ፈሳሽ ቀስ በቀስ ይበላሻል፣ የመያዝ አቅሙም ይቀንሳል። ሙቀት ሲጨመርበት ሂደቱ ይፈጥናል። ሁለቱ ተለያይተው ሲመጡ ባትሪው ይታገሳቸዋል፤ አንድ ላይ ሲሆኑ ነው የሚገድሉት።

ስለዚህ ከሁሉ የከፋው ምሽት የሚከተለው ነው፦ ላፕቶፑ በርቷል፣ ተሰክቷል፣ 100 በመቶ ነው፣ አልጋ ላይ ወይም ብርድ ልብስ ላይ ተቀምጧል። አብዛኞቹ ላፕቶፖች አየር የሚስቡት ከሆዳቸው በኩል ነው፤ ጨርቅ ቀዳዳዎቹን ሲደፍናቸው ፋኑ ሌሊቱን ሙሉ ያንኑ የሞቀ አየር ሲያዞር ያድራል። ጠፍቶ እንደተሰካ ማደር ሙቀቱን ስለሚያስቀር በጣም ይሻላል። ከሁሉ የሚሻለው ከ40 እስከ 80 በመቶ ባለው መሃል ነቅሎ ማሳደር ነው።

በየቀኑ ጠረጴዛ ላይ ተሰክቶ የሚውል ላፕቶፕ ካለ ነቅሎ ከመሰካት የሚሻለው ባትሪው 80 በመቶ ላይ እንዲቆም ማድረግ ነው። ሌኖቮ ላይ «ቫንቴጅ» በሚባለው ፕሮግራም ውስጥ «ኮንሰርቬሽን ሞድ» የሚል ማብሪያ አለ፤ በቲንክፓዶቹ ላይ የሚጀምርበትንና የሚያቆምበትን መቶኛ ራስዎ ይወስናሉ። አሱስ ላይ በ«ማይ አሱስ» ውስጥ ይገኛል። የዴል ላቲቲዩድ ሲበራ ኤፍ2 ተጭነው ባዮስ ውስጥ፣ ማለትም ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው የማሽኑ ማስተካከያ ውስጥ ሲገቡ በአብዛኛው በመብራት ለሚሠራ ማሽን የተዘጋጀ የቻርጅ ምርጫ ያገኛሉ። የኤችፒ ኤሊትቡክና ፕሮቡክ አዳዲስ ሞዴሎች ላይ ኤፍ10 ተጭኖ፣ ከባዮሱ የኃይል አስተዳደር ክፍል «ባተሪ ኸልዝ ማናጀር» ይከፈታል፤ የባትሪውን ጤና የሚያስቀድመው ምርጫ ሙሌቱን 80 በመቶ ላይ ያቆመዋል።

የመዳሰሻው ሰሌዳ ከቦታው ከፍ ካለ ወይም አልጫን ካለ፣ ክዳኑ አልገጥም ካለ፣ ላፕቶፑ ጠረጴዛ ላይ ከተንገዳገደ ባትሪው አብጧል። እንዲህ ያለ ማሽን በርቶም ተሰክቶም አይደርም። ወዲያው ይነቀል፣ ይጥፋ፣ ባትሪው በባለሙያ ይውጣ። መውጋት፣ መጫን፣ አስተንፍሶ እንደገና መጠቀም እሳት ያስነሳል።

መብራት ሲሄድና ሲመጣ

ላፕቶፕ ከዴስክቶፕ የሚበልጠው ባትሪው ራሱ መጠባበቂያ በመሆኑ ነው። ይህ የሚሠራው ግን ባትሪው ደህና ሲሆን ብቻ ነው። ከዱባይና ከአሜሪካ ያገለገሉ ሆነው ገብተው ከሚሸጡት ኤሊትቡክ፣ ላቲቲዩድና ቲንክፓዶች መካከል ባትሪያቸው ግማሽ አቅሙን ያጣ፣ አንዳንዱም አምስት ደቂቃ የማያቆም አለ። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ መብራት በሄደ ቅጽበት ድርግም ይላል።

ያን ጊዜ የሚጠፋው ያልተቀመጠው ሰነድ ብቻ አይደለም። ዊንዶውስ የሚጠቀምበት የፋይል አደረጃጀት የጀመረውን ለውጥ መዝግቦ ስለሚይዝ ከአንድ ድንገተኛ መጥፋት በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ራሱን ያስተካክላል። አደጋው ኃይሉ የተቋረጠው አፕዴት ሲጽፍ ከሆነ ነው፤ የሲስተም ፋይሎቹ በከፊል አዲስ፣ በከፊል አሮጌ ሆነው ይቀራሉ፤ ማሽኑ እጠግናለሁ እያለ እየተነሳ መልሶ ይጠፋል። ርካሽ ኤስኤስዲዎች ላይ በመጻፍ ላይ ሳሉ ኃይል መቋረጡ ቀድሞ የተጻፈውንም ሊያበላሽ ይችላል።

የባትሪውን ሁኔታ ለማወቅ አስፈላጊ ነገር ሳይከፈት፣ 100 በመቶ ሲሞላ ቻርጀሩን ነቅሎ ግማሽ ሰዓት መሥራት ነው። 20 ደቂቃ ሳይሞላ የሚጠፋ ከሆነ፣ ወይም ከ60 በመቶ ድንገት ወደ 5 የሚዘል ከሆነ ለሌሊት አይታመንም። ኤችፒ ላይ ሲበራ ኤፍ2 ተጭኖ የሚመጣው የምርመራ ገጽ ባትሪውን ለይቶ ይፈትሻል፤ ዴል ደግሞ ባዮሱ ውስጥ የባትሪውን ጤና በደረጃ ይጽፋል። እንዲህ ያለ ባትሪ የያዘ ማሽን ያለው ሰው ክርክሩ አይመለከተውም፦ በየማታው ይጥፋ፣ ይነቀል። ስሊፕ እንኳ ለእሱ አይሆንም፤ መብራት ሲሄድ ራሙ ባዶ ይሆናል።

መብራት ሲመጣ ያለው ጉዳት ግን ደህና ባትሪ ላለውም አይቀርለትም። የላፕቶፕ ቻርጀር ላይ ያለውን ጽሑፍ ያነበበ ከ100 እስከ 240 ቮልት እንደሚቀበል ያያል፤ ከአሜሪካ በሻንጣ የመጣ ላፕቶፕ ያለ ትራንስፎርመር 220 ላይ የሚሰካው ለዚህ ነው። ችግሩ ኃይሉ ተቋርጦ ሲመለስ ለአጭር ጊዜ ከዚህ በላይ ሊዘል መቻሉ ነው። ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚቃጠለው ቻርጀሩ ነው፤ አልፎ አልፎ ግን በማዘርቦርዱ የኃይል መግቢያ በኩል ያሉትንም ይዞ ይሄዳል። ስታብላይዘር ቀስ ብሎ የሚወርድና የሚወጣ ቮልቴጅን ያስተካክላል እንጂ በቅጽበት ለሚመጣ ዝላይ በተለይ ርካሾቹ አይደርሱም። ማብሪያ ያለው ዲቫይደር ሁሉ መከላከያ ያለው የሚመስለውም ብዙ ነው፤ አብዛኛው ሶኬት ከማብዛት ውጪ ሥራ የለውም። ነቅሎ ማደርን የሚያህል መከላከያ የለም። ቀን ላይም ቢሆን መብራት እንደመጣ ወዲያው ከመሰካት አሥር ደቂቃ ያህል መጠበቅ ይሻላል፤ በአካባቢው ያሉት ፍሪጅና ምጣድ አንድ ላይ ተነስተው ቮልቴጁ የሚዋዥቀው በእነዚያ ደቂቃዎች ነው።

የቆጣሪው ሒሳብ ውሳኔውን አይቀይረውም። ስክሪኑ ጠፍቶ የበራ ላፕቶፕ 10 ዋት ቢወስድ በ10 ሰዓት ሌሊት 0.1 ኪሎ ዋት ሰዓት፣ በወር 3 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሆናል። ለአንድ ቤት ትንሽ ነው። ሠላሳ ኮምፒውተር የሚያሳድር ትምህርት ቤት ግን በወር 90 ኪሎ ዋት ሰዓት በከንቱ ያቃጥላል።

አፕዴት በየትኛው ሌሊት ይመጣል

ማይክሮሶፍት ወርሃዊውን የደህንነት ጥገና የሚለቀው በፈረንጆቹ ወር ሁለተኛ ማክሰኞ፣ በአሜሪካ ምዕራብ ዳርቻ አቆጣጠር ጠዋት ነው። በእኛ ሰዓት ከምሽቱ 2 ሰዓት፣ በእነሱ ክረምት 3 ሰዓት ይሆናል። ያን ማታ ወይም በማግስቱ እንደበራ ያደረ ላፕቶፕ ባለቤቱ ተኝቶ ሳለ አውርዶ፣ ጭኖ፣ ራሱን ሪስታርት ሊያደርግ ይችላል፤ ያልተቀመጠ ሥራ ካለ አለቀለት። ሪስታርቱ የማይነካቸውን የሥራ ሰዓታት በዊንዶውስ አፕዴት ምርጫዎች ውስጥ መወሰን ይቻላል፤ ትልቁ ርዝመት 18 ሰዓት ነው። እኛ የምንመክረው ከዚህ የቀለለ ነው፦ በዚያ ሳምንት ሐሙስ ወይም ዓርብ ቀን ላይ፣ ባትሪው ከግማሽ በላይ ሳለ፣ አፕዴቱን በእጅ አስጀምሮ ሪስታርት ማድረግ። መብራት ሊሄድ በሚችልበት ሌሊት አፕዴት ተከፍቶ አይተኛም።

ዊንዶውስ 10 ላይ ያሉት ግን ለተጨማሪ ጊዜ ጥበቃ ካልተመዘገቡ ጥገናው አይደርሳቸውም፤ መደበኛው ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚቀበለው ከ8ኛው ትውልድ ጀምሮ ያሉትን የኢንቴል ፕሮሰሰሮች በመሆኑ በገበያው ላይ በብዛት ያሉት 6ኛና 7ኛ ትውልድ ማሽኖች ከዚህ ውጪ ናቸው። ለአፕዴት ብሎ ማሳደር ለእነሱ ምክንያት አይሆንም።

እንደበራ ማደር ያለበት ሌሊት

ርካሽ የሌሊት ኢንተርኔት ጥቅል ተገዝቶ ትልቅ ፋይል ሲወርድ፣ ቪዲዮ ኤክስፖርት ሲደረግ፣ ወደ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ባክአፕ ሲወሰድ ላፕቶፑ መንቃት አለበት፤ ስሊፕ ላይ ማውረዱ ይቆማል። ስክሪኑ በ5 ደቂቃ ይጥፋ፤ በቻርጀር ሲሆን የሚተኛበት ሰዓት ግን «ኔቨር» ይሁን። ማሽኑ ጠረጴዛ ላይ ወይም ምንም ባልተነጠፈበት ወለል ላይ ይቀመጥ፣ ክዳኑ ይከፈት፣ መጋረጃና ልብስ ይራቅለት። ኢንተርኔት ዳውንሎድ ማናጀር የሚጠቀሙ ሰዎች ማውረዱ ሲያልቅ ኮምፒውተሩን እንዲያጠፋው የሚያዝ ምርጫ እንዳለው ብዙ ጊዜ አያስተውሉም፤ 9 ሰዓት ላይ የሚያልቅ ፋይል እስከ ንጋት ማሽኑን የሚያስነቃበት ምክንያት የለም። ዋይፋዩ መብራት ሲሄድ አብሮ የሚጠፋ ከሆነ ላፕቶፑ በባትሪ መቆየቱ ብቻውን አይጠቅምም፤ ሮውተሩም መጠባበቂያ ይፈልጋል። ሲነጋ የመተኛውን ሰዓት ወደነበረበት መመለስ አይረሳ።

ሚስጥራዊ ሰነድ የያዘ ማሽን ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ይታያል። ዲስኩ በቢትሎከር ወይም በማክ ፋይልቮልት የተቆለፈ ቢሆንም ስሊፕ ላይ ሳለ መክፈቻው ራም ውስጥ ነው። ቢሮ ውስጥ ወይም ጉዞ ላይ ለሚያድር ላፕቶፕ ሃይበርኔት ወይም ሙሉ መጥፋት ቁልፉን ከራሙ ያስወጣዋል።

ለበዓል ወይም ለረጅም ሥራ ወደ ክፍለ ሀገር ሲወጡ ቤት የሚቀር ላፕቶፕ በስሊፕ አይተው። ባትሪው ቀስ በቀስ ባዶ ይሆናል፤ ባዶ ሆኖ ለሳምንታት ሲቀመጥ የሴሎቹ ቮልቴጅ ከዝቅተኛው ገደብ በታች ወርዶ መከላከያ ወረዳው ይዘጋል፣ ሲመለሱ ቻርጅ አልቀበል ይላል። 50 በመቶ አካባቢ አድርሶ፣ ሺፍትን ተጭኖ ሙሉ በሙሉ አጥፍቶ፣ ነቅሎ ቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ ማስቀመጥ ነው። የጠፋ ላፕቶፕም ቢሆን በወር ጥቂት በመቶ ያጣል፤ ጠፍቶም ስልክ ቻርጅ የሚያደርግ ዩኤስቢ ያላቸው ሞዴሎች ከዚያ በላይ ሊያጡ ስለሚችሉ ይህን አገልግሎት ባዮስ ውስጥ ገብቶ ማጥፋት፣ ከሁለት ወር በላይ የሚቆይ ከሆነም ቤት ያለ ሰው በመሃሉ አንዴ ወደ ግማሽ እንዲሞላው መንገር ያስፈልጋል።